ጌታነሽና የወዳጆ ተአምር

ወዳጆን ሞላሌ ውስጥ የማያውቀው የለም። ከዘመሮና ከአካባቢው ገበያ በግ እየሰበሰበ፣ በዓል ሲቃረብ በአይሱዙ ጭኖ አዲስ አበባ የሚያወርድ ነጋዴ ነው። በግ ሲመርጥ አፉን ፈልቅቆ ጥርሱን ያያል፣ ላቱን ይጨብጣል፣ ወገቡን ይጫናል፣ ከዚያ ለቅቆት አረማመዱን ይከታተላል። ሰውንም የሚመርጠው እንደዚያው ነው። እህቴ ጌታነሽ ሰባት ዓመት ሚስቱ ነበረች። በዚህ ታሪክ ውስጥ ስለ ወዳጆ አንድም ደግ ቃል ያላስቀመጥኩት ጨክኜ አይደለም፤ ፈልጌ አጥቼ ነው።

እኔ ጠጄ እባላለሁ፤ የጌታነሽ ታናሽ እህት ነኝ፤ ሞላሌ ውስጥ አስተምራለሁ። አባታችን አቶ ኃይለ ኢየሱስ ከከተማው የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ በሚገኝ መንደር ገብስ ያርሳሉ፣ በግ ያረባሉ። እናታችን ስትሞት ጌታነሽ ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣ ቤቱን ተረከበች። እኔን ያሳደገችኝም፣ ትምህርት ቤት የላከችኝም እሷ ናት። ሱፍ ስትፈትል ከፍጥነቷ የተነሳ እጇ አይታይም። ንግግሯ ትንሽ ነው፤ አንዴ ከአፏ የወጣውን ግን አታጥፈውም። ወዳጆ ሽማግሌ ሲልክባት አባታችን ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው። የከተማ ነጋዴ፣ ያውም የቄስ ልጅ! ቄሱ ዓምደ ሚካኤል ይባላሉ። ድምፃቸው መልካም ነው፤ ጥምጥማቸው ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። ከነዚህ ከሁለቱ በቀር የማከብርላቸው ነገር የለም።

ጽናት የተወለደችው በመስከረም 2001 ዓ.ም. ነው። ከወገቧ ከፍ ብሎ ጀርባዋ ላይ ስስ ቆዳ የሸፈነው፣ ብርቱካን የሚያህል ቀይ እብጠት ነበረባት። እግሮቿ አይንቀሳቀሱም። አዋላጇ እልል ልትል የከፈተችውን አፏን መልሳ ዘጋችው። ወዳጆ ገባ፣ ጨርቁን ገልጦ አየ፣ «ይኼ ምንድን ነው?» አለ። ሴት ትሁን ወንድ እንኳ አልጠየቀም። በማግሥቱ በግ ልገዛ ነው ብሎ ወጥቶ ሃያ ቀን ሳይመለስ ቀረ። ቄስ ዓምደ ሚካኤል ደግሞ አራሷ ካለችበት ቤት ደጃፍ ላይ ቆመው፣ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም» አሉና ሄዱ። የልጅ ልጃቸውን ሊባርኩ መጥተው የዘር ሐረጋቸውን አጽድተው ተመለሱ።

ጌታነሽ የአራስነቷን ጊዜ ሳትጨርስ ልጇን ታቅፋ አዲስ አበባ ወረደች። እኔ ያኔ የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ ስለነበርኩ አብሬያት ሄድኩ። ሐኪሞቹ የሕፃኗን ጀርባ ሰፍተው ዘጉ፤ ጭንቅላቷ ውስጥ ውሃ እንዳይጠራቀምባትም ቀጭን ቱቦ አስገቡላት። ሲያሰናብቱን ቀዶ ሐኪሙ ጌታነሽን አስቀምጦ እንዲህ አላት፦

«እግሯ ደካማ ይሆናል፤ አእምሮዋ ግን ደህና ነው። ሌላ ልጅ ስታስቢ፣ ከማርገዝሽ ሦስት ወር አስቀድመሽ የፎሊክ አሲድ ኪኒን መዋጥ ጀምሪ። ካረገዝሽ በኋላም አራት ወር ሲሞላሽ በአልትራሳውንድ ታዪ። እንዲህ ያለው ነገር ሊደገም ይችላል።»

ጌታነሽ ቃል በቃል ያዘችው።

ጽናት አደገች። ከወገቧ በታች ደካማ ብትሆንም በእጆቿ እየተሳበች ቤቱን ታዳርሳለች፤ አፏ ደግሞ ለሁለት ሰው ይበቃል። ወዳጆ ግን ለጠየቀው ሁሉ «ገና ልጅ የለኝም» ይላል። እንግዳ ሲመጣ ልጅቷ ጓዳ ትገባለች፤ እንግዳው እስኪሄድ ድምፅ እንዳታሰማ ይነገራታል። አንድ የጥምቀት ሰሞን የአዲስ አበባ ደንበኞቹን ምሳ ጋብዞ ሲያስተናግድ፣ ጌታነሽ ጽናትን ከጓዳ አውጥታ መሀላቸው አስቀመጠቻት።

«ልጃችን ናት። ጽናት ትባላለች። አራት ዓመት አልፏታል» አለች።

ጽናት እንግዶቹን አንድ በአንድ ቃኘቻቸውና አንደኛውን፣ «አንተ፣ ጫማህ ጭቃ ነው። ምንጣፉን አበላሸኸው» አለችው። ሰውየው ከልቡ ሳቀ። ወዳጆ አልሳቀም። እንግዶቹን ሸኝቶ ሲመለስ፣ እኔ ሳህን እያነሳሁ፣ ጽናትም እዚያው ተቀምጣ ሳለች፣ እንዲህ አለ፦

«ያኔ ይኼን አልትራሳውንድ የሚሉትን ነገር አውቀን ቢሆን ኖሮ፣ ገና ሆድሽ ውስጥ ሳለች እናስወጣት ነበር። ከተሜው እንደዚህ ነው የሚያደርገው። ማን አካለ ስንኩል ይሸከማል?»

ይህን ያለው ወዳጆ ነው። ኋላ በመላው ሞላሌ የእምነት ሰው ተብሎ ትከሻው የተሳመው ይኸው ወዳጆ ነው፤ ሌላ ወዳጆ የለም።

ሁለተኛ ልጅ መፈለግ የጀመረውም እሱ ነው። «ስሜን የሚያስጠራ ልጅ አምጪ» ይላታል። ጌታነሽ ደብረ ብርሃን ሄዳ ኪኒኑን ከፋርማሲ ይዛ መጣች። ወዳጆ ዕቃዋ መሀል አገኘውና ሽንት ቤት ጣለው።

«ለመውለድ ኪኒን የምትውጥ ሴት የት አየሽ? ሰው ቢሰማ መካን ናት ይልሻል፤ አለዚያ ችግሩ ከሱ ነው ይለኛል!»

ሰውየው ለበጎቹ በየጊዜው የትላትል መድኃኒት በእጁ የሚያስውጥ መሆኑን ልብ በሉ። ለበግ ኪኒን ነውር አይደለም። ጌታነሽ ሁለተኛ ጊዜ ገዝታ እኔ ዘንድ አስቀመጠችው፤ ነገር ግን ወሩ ሳይሞላ ማርገዟ ታወቀ። ዘግይታ ነበር።

በግንቦት 2006 ዓ.ም. ሆዷ ከወሯ በላይ ገፋ። የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ነርስ የጽናትን ነገር ስለምታውቅ ጊዜ ሳታባክን ወደ ደብረ ብርሃን ላከቻት። ወዳጆ መኪናውን አስነሥቶ ራሱ ወሰዳት፤ ወንድ መሆኑን በዓይኑ ማየት ፈልጎ ነው። ጽናትን የሚይዝላት ስላልነበረ እኔም አብሬ ሄድኩ።

ምርመራውን የጀመረው አንድ ወጣት ባለሙያ ነው። ጄሉን ቀብቶ መሣሪያውን ሆዷ ላይ ማንሸራተት ሲጀምር ወዳጆ እስክሪኑ ላይ ተደፋ።

«ወንድ ነው?»

«ወንድ ነው» አለ ልጁ። ወዳጆ እጁን አጨበጨበ። ልጁ ግን ዓይኑን ከእስክሪኑ አልነቀለም። መሣሪያውን መለሰ፣ ደገመ፣ አሁንም መለሰ። ከዚያ ክንዴ ላይ የተቀመጠችውን ጽናትን አየና፣ «ይቺ የመጀመሪያዋ ናት?» ብሎ ጠየቀ። አዎ አልነው።

«አይ! ይቺንም በጊዜው ብታሳዩ ኖሮ ትገላገሉ ነበር።»

ጽናት ወደ እኔ ዞረች። «እኔን ነው?» አለች።

ጌታነሽ ሆዷ እንደተገለጠ ቀና አለች። «እሷ ልጄ ናት። የጠየቅሁህ ስለ ሆዴ ነው። ያየኸውን ንገረኝ፤ ካልቻልክ የሚችል ጥራ።»

የተማረ ባለጌ ካልተማረው ይብሳል። ልጁ ቀልቶ ወጣና አንዲት ጠና ያሉ ሴት ሐኪም ጠራ። እሳቸው ብዙ ጊዜ ወስደው አዩ። ከዚያ ማሽኑን አጥፍተው፣ ወንበር ስበው ከጌታነሽ ፊት ተቀመጡ። ከወዳጆ ፊት አይደለም፤ ይህን አስተውያለሁ።

«ልጄ፣ የፅንሱ የራስ ቅል የላይኛው ክፍል አልተሠራም። አንጎሉም አልተሠራም። ይህ የሚታከም አይደለም። ብዙዎቹ ማህፀን ውስጥ ወይም ምጥ ላይ ያልፋሉ። በሕይወት ቢወለድም የሰዓታት፣ ቢበዛ የቀናት ጉዳይ ነው።»

«ከመጀመሪያዋ ጋር አንድ ነው?»

«ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። እሷ ትኖራለች። ይኼኛው አይኖርም። እርግዝናውን ለማቋረጥ ብትፈልጊ ሕጉ ይፈቅድልሻል። መቀጠል ብትፈልጊም እስከመጨረሻው እንከታተልሻለን። ውሳኔው ያንቺ ነው።»

«የሷ?» አለ ወዳጆ።

«የሷ» አሉ ሐኪሟ።

በዚያው መኪና ወደ ሞላሌ ተመለስን። ወዳጆ እያሰበ ነበር፤ ሲያስብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የቤታቸው በር ላይ ስንደርስ ሐሳቡን ጨርሶ ነበር፦ ይህ የእምነት ፈተና ነው፤ ልጁ ወንድ ነው፤ ይድናል።

በሦስተኛው ቀን ወሬው ከተማውን ሞላው። ማሽን ልጁን ግደለው ብሎት እምቢ ያለ ሰው! ከዓመት ዓመት ቤተ ክርስቲያን የማይስም፣ ጾም የሚገባውና የሚወጣው ከበግ ገበያው የሚያውቅ ሰው፣ ነጠላ አጣፍቶ ከቅጥሩ ሥር ሲቆም ሴቶች ትከሻውን ይስሙት ጀመር። ቄስ ዓምደ ሚካኤል እሑድ ከቅዳሴ በኋላ «ማሽን የሚያመልኩ» ስላሏቸው ሰዎች ሰበኩ፤ ልጃቸውን በስም አልጠሩም፤ ግን ሁሉም ሰው ወደ ማን እንደሚያይ ያውቅ ነበር። ወዳጆ አንገቱን ደፋ። ትሕትና ደግሞ ያምርበታል፤ ያልለበሰው ልብስ ስለሆነ አዲስ ነው።

ጌታነሽ ሰባት ቀን ፀበል ተወሰደች። የመንዝን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በነጋ ቁጥር ያ ውሃ ሆዷ ላይ ይፈሳል። ወዳጆ ጋቢውን ተከናንቦ ከዳር ቆሞ ይጸልያል። ስለ ፀበሉ አልናገርም፤ እኔም አምናለሁ፤ ጌታነሽም አምና ነው የገባችው። የምናገረው ስለ ቆመው ሰው ነው። በአምስተኛው ቀን ማሳል ጀመረች። በሰባተኛው ወዳጆ ሕፃኑ መዳኑን አወጀ። ማን ነገረህ ሲባል «ልቤ ነገረኝ» ይላል። በዚያው ሳምንት «የወዳጆ ተአምር» የሚል ወሬ ዘመሮ ደረሰ።

ጌታነሽ ያን ቀን እኔ ቤት መጥታ እሳት ዳር ተቀመጠች። ልጁ ሲገላበጥ ነጠላዋ ላይ ይታያል።

«ይንቀሳቀሳል» አለችኝ። «ይኼ ነው የማይቻለው፤ አለ፣ ግን ወደኔ አይመጣም።»

«እትዬ፣ ጽናትን ያኔ በማሽን አይተው እንደዛሬው ቢጠይቁሽስ ኖሮ?» አልኳት። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ።

«ዛሬ ብትጠይቂኝ፣ ጽናትን በዓለም አልለውጥም እልሻለሁ። ያኔ ብጠየቅ ግን … ወዳጆ አጠገቤ ቆሞ፣ ያ ልጅ ‹ትገላገያለሽ› ሲለኝ፣ እሺ እል ነበር ይሆናል። አላውቃትም ነበራ። እሱን ሳስብ ነው የምፈራው። ይኼኛው ግን ሌላ ነው፤ የሚታወቅ ነገር የለውም። የቀሩትን ወሮች ሁሉ ‹እንኳን ማርያም ማረችሽ ለማለት ያብቃን› የሚለኝን ሰው ፊት እያየሁ፣ ጽናትን አዝዬ፣ ሬሳ ልሸከም?»

ከዚያ ወደ ነፍስ አባቷ ወደ አባ ገብረ አማኑኤል ሄደች። ምን እንዳሏት ኋላ ነገረችኝ። ሽማግሌው እስክትጨርስ ሰምተው፣ «ተፈቅዶልሻል ልልሽ አልችልም፤ ሥልጣኑ የለኝም። ብታደርጊም ባታደርጊም፣ ተመልሰሽ ወደ እኔ ነይ። በሩን አልዘጋብሽም» አሏት። በዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ ካህን ሆኖ ያገኘሁት አንድ እሳቸውን ነው።

ጌታነሽ ቤቷ ተመልሳ ለወዳጆ ደብረ ብርሃን ልትሄድ መሆኑን ነገረችው። እሱ በማግሥቱ፣ ዓርብ፣ ሽማግሌ ሰበሰበ። አባቱ ቄሱ፣ አባታችን፣ ሁለት የሰፈር ሽማግሎች መጡ። እኔም ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበር።

«ልጄ ጌታነሽ» ብለው ጀመሩ ቄስ ዓምደ ሚካኤል በዚያ መልካም ድምፃቸው። «ፅንስ መግደል ነፍስ መግደል ነው። ያውም ፈጣሪ ከፈወሰው በኋላ!»

«ተፈውሶ ከሆነ እሰየው አባታችን» አለች። «ነገ ሄደን በማሽኑ እንየው። ድኖ ካገኘሁት ከዚያው ደጀ ሰላም ድረስ በጉልበቴ እመጣለሁ።»

ወዳጆ ፊቱ ተለወጠ። ቄሱ ፈጠን ብለው፣ «ፈጣሪን መፈተን ይሆናል!» አሉ።

«ካልዳነስ? ሲወለድ ይሞታል። ሲሞት ፍትሐት ያደርጉለታል?»

«ያልተጠመቀ ሕፃን ፍትሐት የለውም። ሥርዓት ነው።»

«የክርስትና ስም ይሰጡታል?»

«አርባ ቀን ካልሞላው …»

«ተዝካር?»

ቄሱ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ።

«እንግዲያ ለእናንተ ከሆዴ ሲወጣ ሰው አይደለም» አለች። «ሰው የሚሆነው እኔ እስከ ተሸከምኩት ብቻ ነው።»

ወዳጆ ዘሎ ተነሣ። «ሰማችኋት? ሰባት ቀን ፀበል ገብታ ይኼ ነው ያፈራችው! ልጄን ልትገድል ነው፤ ወንድ ልጄን!»

«ሴቷን ልጅህንስ?» አለች ጌታነሽ። ጽናት ጓዳ በር ላይ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። «እሷን ‹ባስወጣናት ኖሮ› ስትል እግዜር የት ሄዶ ነበር?»

ያን ሲል እኔም ሰምቼዋለሁ። ሽማግሎቹ ዘወር ብለው አዩኝ፤ መምህርት ነኝ፣ ቃሌ ይታመናል። «አዎ፣ ብሏል» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አልኩ ብላችሁ ነው? ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። ቄሱን ፈራሁ፣ የከተማውን አፍ ፈራሁ፣ ምኑን እንደፈራሁ አላውቅም። ወዳጆን ስንቅ የምውል ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን ከወዳጆ ያነሰ ሰው እዚያ ቤት ውስጥ ቢፈለግ እኔ ነበርኩ። አባታችን ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ባልሽ የሚልሽን ስሚ፤ አታዋርጂን» ብለው ነገሩን ደመደሙ። እሳቸው ያሉትን እንደ ፍርድ ቆጥረው ሽማግሎቹ መርቀው ወጡ።

ሰኞ ማለዳ መናኸሪያው ጋ ሄድኩ። ጌታነሽ ጽናትን አዝላ፣ በአንድ እጇ ፌስታል ይዛ አውቶቡሱ በር ላይ ቆማለች። አጠገቧ ስደርስ ገልመጥ አደረገችኝ።

«ወዴት ነሽ?»

«አብሬሽ ልሄድ።»

«ዓርብ የት ነበርሽ?»

ጽናትን ከጀርባዋ ተቀበልኳትና ተሳፈርን።

ደብረ ብርሃን ላይ ሁለት ሐኪሞች ወረቀቱን አይተው ፈረሙ። አልትራሳውንዱን እንደገና አነሡ፤ ጌታነሽ ለምናቸው ነው። ተአምሩ አልነበረም። መድኃኒት ሰጧት፤ ምጡ ማታ ይመጣል ያሉት በማግሥቱ ረፋድ ላይ መጣ። ተረኛዋ ነርስ አንገቷ ላይ ትልቅ መስቀል ያንጠለጠለች ሴት ነበረች። ጌታነሽ እጇን ስትዘረጋላት፣ «እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ነፍስ ማጥፋት ላይ እጄን አላስገባም» ብላ ጥግ ሄዳ ተቀመጠች። አላስገባም ማለት መብቷ ይሁን። ግን ሌላ ሰው አልጠራችም። በሞባይሏ መዝሙር ከፍታ ጥፍሯን ስትልጥ፣ እህቴ ከንፈሯን ነክሳ ስትቃትት፣ እኔ ኮሪደሩን እየሮጥኩ ሰው ፈለግሁ። የዚያችን ሴት ክርስትና ዛሬም አስበዋለሁ፤ መዝሙሩ እንኳ ምጥ ለያዛት ሴት የሚሆን አልነበረም፣ ሞቅ ያለ የሠርግ መዝሙር ነው። የመጣላት አንድ ተለማማጅ ልጅ ነው፤ እጇን ጨብጦ አልለቀቃትም።

ሕፃኑ ሞቶ ነው የወጣው። ጌታነሽ አሳዩኝ አለች። ተለማማጁ ሊከለክላት ፈለገ፤ ሐኪሟ ደርሰው «ይታያት» አሉ። በጨርቅ ጠቅልለው ሰጧት። ከቅንድቡ በላይ ምንም የለም፤ ከቅንድቡ በታች አፍንጫው የጌታነሽ ነበር፣ እጆቹም ሙሉ ናቸው፣ ጥፍር አውጥተዋል። የነጠላዋን ጫፍ ቀድዳ ግንባሩን ሸፈነችለት። አላለቀሰችም። «ስም ሳልሰጥህ» ብቻ አለች። ሆስፒታሉ እንደሚቀብረው ነግረውን ተቀበሉን።

ሐሙስ ሞላሌ ስንደርስ ልብሷ በማዳበሪያ ታስሮ በር ላይ ተጥሏል። የጽናት የእግር መደገፊያ ብረት ከላዩ ተቀምጧል። በሩ ተቆልፏል። ጎረቤቶች በአጥር ሥር ያያሉ፤ አንዲትም «እንኳን በሕይወት ተመለስሽ» ያለቻት የለችም። ማዳበሪያውን እኔ ተሸከምኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ቤት ኖረች።

ፍቺው ፍርድ ቤት ሄደ። ዳኛው ልጅቷን ማን ያሳድጋት ብሎ ሲጠይቅ ወዳጆ፣ «እሷው ትውሰዳት፣ እኔ በዚህ በኩል ጥያቄ የለኝም» አለ። ለተወለደው ልጅ እንዲህ ነው፤ ላልተወለደው ግን ጥቁር ለብሶ ስድስት ወር ዞረ። ሐዘንተኛ ነኝ ሲል የሚያስተዛዝኑት ሞልተዋል። እሷን ያስተዛዘናት የለም። የምትሄድበት እድር ስሟን ፋቀ፤ ገበያ ላይ ሴቶች ሲያዩዋት መንገድ ይቀይራሉ። አባ ገብረ አማኑኤል ግን ቃላቸውን ጠበቁ። ንስሐ ሰጧት፤ ጾሙም ስግደቱም ቀላል አልነበረም። እሷም ሳትከራከር ፈጸመችው። ሲያልቅ፣ ቄስ ዓምደ ሚካኤል በሚቀድሱበት ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን አባ ገብረ አማኑኤል በሚያገለግሉበት ገጠር ደብር ሄዳ ቆረበች።

ጌታነሽ ሥራ ፈትታ አትውልም። የሱፍ ክር እየፈተለች ባና የሚባለውን ወፍራም የሱፍ ልብስ ለሚሠሩ ሸማኔዎች ታቀርብ ጀመር፤ ቀጥሎ አራት ሴቶች አሰባሰበችና አብረዋት ይፈትላሉ። ጽናት ሰባት ዓመት ሲሞላት በክራንች መቆም ጀመረች፤ ትምህርት ቤት አስገባናት። አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። በቀን መንገድ የሚቀይሩት ሴቶች በጓሮ በር ይመጡ ጀመር። «ያቺ ሐኪም ማን ናት? ያ ኪኒን ምን ይባላል? ሁለት ሞቶብኛል፣ ሦስተኛው እንዴት እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ።» ከነሱ አንዷ ያን ዓርብ እነወዳጆ ቤት ተቀምጦ መርቆ የወጣ የአንዱ ሽማግሌ ምራት ነበረች። ጌታነሽ ለሁሉም የምታውቀውን ትነግራለች፤ ሳትቆጣ፣ ሳትነቅፍ። አድርጊም አታድርጊም አትልም። መንገዱ የጠፋባትን ደብረ ብርሃን ድረስ ሸኝታለች። በማግሥቱ እነዚያው ሴቶች ገበያ ላይ ሰላም አይሏትም። እኔ ብሆን ኖሮ በጓሮ የመጣችውን በፊት ለፊት በር ነበር የምሸኛት፣ ስሟን እየጠራሁ።

በ2009 ዓ.ም. ወዳጆ ከዓለም ከተማ እየሩስ የምትባል ወጣት አገባ። ጊዜ ሳይወስድ አረገዘች። በአንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ አገኘሁት፤ ፊቱ በርቷል፤ ማንም ሳይጠይቀው ያወራ ነበር።

«አዲስ አበባ ወስጄ ሦስት ጊዜ በማሽን አሳየኋት። ባለ ቀለሙ ነው፣ ፊቱ ሁሉ ይታያል። ሙሉ ነው፣ ጤነኛ ነው አሉኝ። ኪኒኗንም ገና ሳታረግዝ ጀምሮ በእጄ ነው የማስውጣት!»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ድሮ «ጋሼ» እለው ነበር፤ ያን ቀን አልቻልኩም።

«ወዳጆ፣ በማሽን ማየት ፈጣሪን መፈተን አልነበረም እንዴ?»

«ጊዜው ተለውጧል ጠጄ። አባቴም ፈጣሪ ለሐኪም ጥበብን ሰጥቷል ይላሉ።»

«ጤነኛ አይደለም ቢሉህስ ኖሮ? ምን ታደርግ ነበር?»

አፈረ ብላችሁ ነው? አላፈረም። ትከሻውን ሰበቅ አድርጎ፣ «ያው ሐኪም ያለውን ነዋ» አለ። ወዲያው አንድ ሰው በግ ሲያስገምት አይቶ ጥሎኝ ሄደ።

ልጁ በሰላም ተወለደ፤ ወንድ ነው። ቄስ ዓምደ ሚካኤል ክርስትናውን ባረኩ፤ ድንኳን ተጣለ፤ ግማሽ ሞላሌ ጠግቦ በላ። እኔ እየተንጨረጨርኩ ቤት ገባሁና ለጌታነሽ ሁሉንም ነገርኳት፤ ማሽኑን፣ ኪኒኑን፣ «ጊዜው ተለውጧል» ያለውን። እንድትሳደብ እየጠበቅሁ ነው። እሷ ክሩን ስትጠቀልል ሰማችኝ።

«እየሩስ ኪኒኑን ውጣለች?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እሰይ።»

«እሰይ? ይኼ ብቻ ነው? ባንቺ ላይ ያደረገውን ረስተሽው ነው?»

«ምኑን እረሳዋለሁ!» አለች። «ያቺ ልጅ ግን ምን አደረገችኝ? ደህና ልጅ ታቀፈች፤ እሰይ። አንቺ ጠጄ ንቀት ይሞቅሻል። እኔ እንደሱ እየሞቅሁ የምቀመጥበት ጊዜ የለኝም፤ ነገ ክር ማስረከብ አለብኝ።»

ጽናት ክራንቿን ግድግዳ ላይ አስደግፋ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። ቀና ሳትል፣ «አክስቴ፣ ዝም በይና ሰባት ሲባዛ በስምንት ስንት እንደሆነ ንገሪኝ» አለችኝ።

ነገርኳት። ጌታነሽ ይቅር ብላቸው ከሆነ የራሷ ጉዳይ ነው፤ ልቧ ከልቤ ይሰፋል። እኔ አላልኩም። ወዳጆ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ባርኔጣውን አንሥቶ «እንደምን ዋልሽ መምህርት» ይለኛል። ሰምቼው አልፋለሁ።